ግራፊክስ ካርዱን ከመክሰስ በፊት

ጌም በመሃል ሲቋረጥ የመጀመሪያው ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ካርዱ ሞተ»። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፣ ባለቤቱም ካርዱን ነቅሎ ወደ ጠጋኝ ወይም ወደ ገዢ ይሄዳል። በዚህ ችኮላ ስንት ጤነኛ ካርድ በግማሽ ዋጋ እንደተሸጠ ሳስብ ይቆጨኛል። በተለይ እኛ ዘንድ ስሕተቱ ውድ ነው። ካርዱ ብዙ ጊዜ ከዱባይ በሰው ሻንጣ ስለሚመጣ ዋስትና የሚጠየቅ ሰው የለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ምትክ መግዛት የወራት ቁጠባ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ለግራፊክስ ካርድ ጥብቅና ልቆም ነው።

ካርዱ ምን እንደሚሠራ ጌም የሚጫወት ሁሉ ያውቃል፤ ስክሪን ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ነጥብ ያሰላል። የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ማቀዝቀዣና የራሱ የኃይል መቆጣጠሪያ አለው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ1999 ጂፎርስ 256ን «ጂፒዩ» ብሎ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ስሙም በዚያው ጸንቷል።

ሰዎችን በጣም የሚያስደነግጣቸው መልእክት «የዲስፕሌይ ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ ነበር፤ አሁን ተመልሷል» የሚለው ነው። መልእክቱ የሚነግረን ግን ዊንዶውስ ማሽኑን ማትረፉን ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሲስተሙ ለካርዱ ሥራ ሲሰጥ ሰዓት ይይዝበታል። ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ፣ ዊንዶውስ ካርዱንም ድራይቨሩንም እንደ አዲስ ያስነሣቸዋል። ቀድሞ እንዲህ ያለ መቆለፍ ሲደርስ ማሽኑን በቁልፉ ከማጥፋት ሌላ መውጫ ብዙ ጊዜ አልነበረም። ሰማያዊው ስክሪን 116 የሚል ቁጥር ይዞ የሚመጣው ይህ የማስነሣት ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መልእክቱ «ካርዱ ዘገየ» ይላል እንጂ ለምን እንደዘገየ አንድም ቃል አይናገርም። አንዳንዶች ሬጂስትሪ ውስጥ ገብተው ያችን 2 ሰከንድ 10 ያደርጓታል። ለተራ የጌም ማሽን ይህ ምክንያቱን አያክምም፤ ስክሪኑ ደርቆ የሚቆይበትን ጊዜ ብቻ ያራዝማል።

ለምን እንደዘገየ ለማወቅ መጀመሪያ የሚነበበው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ፣ ኢቨንት ቪወር ነው። እዚያ 4101 የሚል ቁጥር ካያችሁ ድራይቨሩ ወድቆ ተነሥቷል፤ ምርመራው ወደ ድራይቨር፣ ወደ ኦቨርክሎክ፣ ወደ ራምና ወደ ካርዱ ራሱ ይሄዳል። 41 የሚል ቁጥር ብቻ ካያችሁና ማሽኑ ያለ ሰማያዊ ስክሪን በአንድ ቅጽበት ከጠፋ፣ ኃይል ተቋርጦበት ሊሆን ይችላልና ከዚያ ጀምሩ። ጆሯችሁም ይመሰክራል። ስክሪኑ ጠቁሮ የጌሙ ድምፅ ከቀጠለ ሌላው አካል በሕይወት አለ ማለት ነው። ፋኑም መብራቱም አብሮ ጸጥ ካለ ካርዱን ተዉትና ወደ ኃይሉ ሂዱ።

ኃይሉ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ። በተደጋጋሚ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት፣ ግን ማንም የማይጠይቀው ዕቃ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ማዘርቦርዱ በሶኬቱ በኩል ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 ፒን ኬብል 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። አርቲኤክስ 3080 በወረቀት ላይ 320 ዋት ይላል፤ ይህ ግን አማካይ ነው። ፍንዳታ፣ ጭስና ጥላ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ካርዱ ከሰከንድ ሽራፊ ላነሰ ጊዜ ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ሊስብ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ያን ድንገተኛ ጉተታ እንደ አደጋ ቆጥሮ ራሱን ይዘጋል፤ ተጫዋቹ ደግሞ «ጌሙ ከባድ ቦታ ላይ ሲደርስ ካርዱ ይወድቃል» ይላል። ችግሩ ስለተስፋፋ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 ደረጃ ከፍ ያሉ ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ማይክሮሰከንድ ያህል የአቅማቸውን እጥፍ እንዲሸከሙ አዝዟል።

ከኬስ ጋር ተመርቆ የሚመጣውን ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ግንባሩ ላይ ባለው ቁጥር አትመኑት። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በ12 ቮልቱ ሥር የተጻፈውን አምፒር በ12 አባዙት። ላዩ ላይ «600 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ 25 አምፒር ብቻ ከሆነ፣ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ በጋራ ያለው 300 ዋት ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ የብዙ ሺህ ብር ካርድ የሚሰኩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ካርዱ ሁለት ሶኬት ካለው ደግሞ የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ ከመሰካት ሁለት የተለያዩ ኬብሎችን ከፓወር ሰፕላዩ አውጡ።

አሰካኩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አርቲኤክስ 4090 በ450 ዋት ሲወጣ ባለ 16 ፒን ሶኬቱ የቀለጠባቸው ተጠቃሚዎች ብቅ አሉ። ኤንቪዲያ በወቅቱ ደጋግሞ ያገኘው ነገር ኬብሉ ጠልቆ አለመግባቱ እንደሆነ ገለጸ። በ2023 ሶኬቱ ተሻሻለና ጠቋሚ ፒኖቹ አጠር ተደረጉ፤ ዓላማውም በደንብ ላልገባ ኬብል ካርዱ ሙሉ ኃይል እንዳይስብ ነው።

የቤታችንም መብራት ተጠያቂ ነው። የጎረቤቴ ልጅ አዲስ ካርድ ገዝቶ ጌም በከፈተ ቁጥር ማሽኑ ድርግም ይልበት ነበር። ድራይቨር ቀይሯል፣ ፎርማት አስደርጓል፣ ካርዱንም ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። ማሽኑ የተሰካው መብራት ሲሄድ እንዲያተርፈው በተገዛ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ላይ ነበር። ይህን የሚያክል ዩፒኤስ በአብዛኛው የሚችለው ከ400 ዋት ያነሰ ነው፤ የእሱ ማሽን ጌም ላይ ከዚያ ይበልጣል። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ስንሰካው ችግሩ ጠፋ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው እንዲህ ነው። ለጌም ማሽን ዩፒኤስ ስትገዙ በቪኤ ሳይሆን በዋት ግዙ።

ካርዱ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰበት ትልቁ ጉዳይ ግን የኢንቴል ነው። በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ ኮር አይ9 ፕሮሰሰሮች ላይ በአንሪል ኢንጂን የተሠሩ ጌሞች ሲከፈቱ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» እያሉ ይወድቁ ነበር። 24 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ የያዘ ሰው ይህን ሲያነብ ካርዱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ኤንቪዲያ ሳይቀር ተጠቃሚዎቹን ወደ ኢንቴል መራ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ሲጠይቁ እንደነበር አምኖ፣ በነሐሴ ወር ማስተካከያ ማይክሮኮድ አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። የተጎዳን ፕሮሰሰር ግን ማይክሮኮዱ አያድነውም። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ያላችሁ ባዮሳችሁን ዛሬውኑ አድሱ።

ስለ ሙቀት የሚወራው ከሚገባው በላይ ነው። ካርድ ሲግል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መዝጋት የመጨረሻ እርምጃው ነው። ስለዚህ በ70ዎቹ ዲግሪ ላይ እያለ የሚወድቅ ካርድ በዋናው ቺፕ ሙቀት አይጠረጠርም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ ፋኖች የሚገፉት አየር ከጠረፍ ከተሞች ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። በዚያ ላይ አቧራው አለ። ኬሱን በየጊዜው ከፍታችሁ አጽዱ፤ ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት።

ምርመራው ሥርዓት ይፈልጋል፤ አንድ ለውጥ፣ ከዚያ አንድ ሙከራ። ኦቨርክሎክ ካለ መልሱት፣ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ማፍጠኛ ቅንብርም ጭምር። ድራይቨሩን ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ጠርጋችሁ ቀድሞ ደህና የነበረውን ጫኑ። አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 80 በመቶ አውርዱ፤ መውደቁ ከቆመ ኃይሉን በደንብ መርምሩ። ገና ዕቃውን ሳያይ «ፎርማት ይደረግ» ከሚል ጠጋኝ ራቁ። ፎርማት ያረጀ ፓወር ሰፕላይ አያድስም።

ካርድ በእውነት የሚሞትበት ጊዜም አለ። ዊንዶውስ ሳይነሣ፣ ባዮሱ ላይ ገና የተበጣጠሱ መስመሮችና ባለ ቀለም ነጥቦች በሌላ ኬብልና በሌላ ሞኒተርም ጭምር ከታዩ የካርዱ ሜሞሪ ወይም ቺፑ ተጎድቷል። ያን ጊዜም ቢሆን ምድጃ ውስጥ መክተት ወይም በሂት ጋን መጥበስ ቢበዛ ለአጭር ጊዜ ያነሣዋል፤ ቺፕ የሚቀይር ባለሙያ ሊያድነው የሚችለውን ካርድም ያበላሻል። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው በቂ ፓወር ሰፕላይ ባለው ሌላ ጤነኛ ማሽን ላይ ነው። ካርዳችሁ እዚያም ሲወድቅ በዓይናችሁ እስካላያችሁ ድረስ አትሽጡት።