ባለ አራት ማዕዘን አልማዝ፦ ከካራቱ በፊት ሚሊሜትሩን ጠይቁ

ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ አገር ቤት የምትሰናዳ እህት ብዙ ጊዜ ወርቅ ሳትይዝ አትሄድም። በዱባይ ዴራ የወርቅ ገበያ የዕለቱ የግራም ዋጋ ተለጥፎ ይታያል፤ ሚዛኑን አይቶ በስልክ ማባዛት ነው። የአልማዝ ቀለበት ጋ ሲደረስ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። የወራት ደመወዝ በሻጩ ቃል ብቻ የሚከፈለውም እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግራ የሚያጋባውን ቃል እናጥራው። የወርቅ ካራት ጥራት ነው፤ 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ «ግማሽ ካራት ነው» ስትባሉ ክብደቱን ሰማችሁ እንጂ ከላይ ምን ያህል ሰፍቶ እንደሚታይ ገና አላወቃችሁም።

«ፕሪንሰስ» በሚባለው ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ክብደቱ ከታች፣ በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ሰርተፊኬቱን አስወጡና ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት በሚሊሜትር የተጻፉበትን መስመር ፈልጉ። አንዱ ድንጋይ 4.40 በ4.35 በ3.13፣ ሌላው 4.20 በ4.18 በ3.45 ቢሆን ሁለቱም ግማሽ ካራት ገደማ ናቸው። ጥልቀቱን ለወርዱ አካፍላችሁ በ100 አባዙት። የመጀመሪያው 72፣ ሁለተኛው 82.5 ይሆናል። ለዚህ ቅርጽ ከ65 እስከ 75 ያለው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነው። በተመሳሳይ ዋጋ ሁለተኛውን ብትወስዱ፣ ጣታችሁ ላይ አነስ ብሎ ለሚታይ ድንጋይ እኩል ከፈላችሁ ማለት ነው። በጣም ጠፍጣፋ የሆነውም አይጠቅምም፤ መሃሉ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሥሩ ያለው ጣት ይታያል።

ከዚያ ርዝመቱን ለወርዱ አካፍሉ። ከ1.00 እስከ 1.05 ከሆነ ለዓይን እኩል አራት ማዕዘን ነው። 4.62 በ4.20 ግን 1.10 ስለሚመጣ ረዘም ማለቱ ያስታውቃል። ረዘም ያለው ደስ ካላችሁ ችግር የለውም፤ «እኩል ነው» ተብሎ መሸጡ ነው ስህተቱ።

ሻጩ «የአቆራረጥ ደረጃው እጅግ ጥሩ ነው» ካለ ማን እንደሰጠው ጠይቁት። በዓለም የታወቀው ጂአይኤ የአቆራረጥ ደረጃ የሚሰጠው ለክብ አልማዝ ነው፤ ለፕሪንሰስ አይሰጥም። «ፖሊሽ» እና «ሲሜትሪ» በሚሉት ሥር የሚጻፈው ሌላ ነገር ነው።

ሳህን ስታጥቡና ወለል ስትወለውሉ ለምትውሉት ማዕዘኖቹም ጉዳይ ናቸው። አልማዝ ጠንካራ ነው ቢባልም ሹል ጫፉ ሲመታ ይሸረፋል። ድንጋዩን የያዙት የወርቅ ጥፍሮች አራቱንም ማዕዘኖች መሸፈናቸውን እዩ። አንዱ እንኳ ተጋልጦ ከሆነ እኔ አልገዛውም።

ለቁጠባ ከሆነ ግን ድንጋዩን ትቶ ወርቁን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። ቀለበቱን መልሳችሁ ስትሸጡ ብዙ ሱቆች ወርቁን ብቻ መዝነው ይከፍላሉ፤ ለትንሽ አልማዝ የሚሰጡት ከገዛችሁበት በጣም ያነሰ ነው፣ አንዳንዴም ምንም ነው። ለሠርግ ወይም ለደስታችሁ ከሆነ ግዙት፤ ፋቱራው ላይ የወርቁ ግራም፣ የድንጋዩ ካራት፣ የሰርተፊኬቱ ቁጥርና ድንጋዩ የተፈጥሮ ወይም የላቦራቶሪ መሆኑ ለየብቻ ሳይጻፍ ግን ገንዘቡን አትስጡ።