የዝላይ መዋጮ

አየር ጤና ውስጥ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል ሲጀምር፣ «አክስቴ፣ እኛም እንደ እናንተ የአባልነት መዋጮ አለብን፤ በየዓመቱ እንከፍላለን» አለኝ።

«ምን ታገኝበታለህ?» አልሁት።

ክፍያው ለአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ነው። የማኅበሩ አባል የሆኑ የዝላይ ማዕከላት ፈቃድ ያለውን ዘላይ ያለ አባልነት አያስተናግዱም። አባሉ ሲዘል የሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ቢጎዳ፣ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የመድን ሽፋን አለው። የራሱን ሕክምና ግን አይሸፍንለትም። የአውሮፕላን ጉዞው ዋጋም በየዝላዩ ለብቻው ይከፈላል። ተጠባባቂ ፓራሹቱም በአሜሪካ ሕግ በየ180 ቀኑ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተፈትሾ እንደገና መታጠፍ አለበት።

ዕድርተኞቻችንን ሁልጊዜ የምለውን ለእሱም ነገርሁት፦ መዋጮ የሚከፈለው ችግር ሳይመጣ ነውና፣ ደንቡን አስቀድመህ አንብብ። የጤና መድንህም ዝላይን እንደሚሸፍን አረጋግጥ።