የእንጉዳይ ቀለም ምን ያህል ይታመናል?

በበጋ ማብቂያና በመኸር መግቢያ ላይ በጣሊያን የኦክና የቼስትነት ደኖች ውስጥ ደማቅ ብርቱካንማ ቆብ ያለው እንጉዳይ ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ አማኒታ ቄሳሪያ ነው፤ ጣሊያኖች ኦቮሎ ይሉታል። ከጥንት ሮማውያን ጀምሮ ሲበላ የኖረ፣ ዛሬም በውድ ዋጋ የሚሸጥ ነው። የዚሁ ወገን የሆነው አማኒታ ሙስካሪያ ደግሞ ቀይ ቆቡ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ያሉት፣ በልጆች የተረት መጻሕፍት ሥዕሎች የምናውቀው መርዛም እንጉዳይ ነው። የበላው ሰው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ይቃዣል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል። ሁለቱ በሥዕል ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያሳስት ነገር የላቸውም። ጫካ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። ነጫጮቹ ነጥቦች እንጉዳዩ ጨቅላ ሳለ ሸፍኖት ከነበረው ስስ ልባስ የተረፉ ቁርጥራጮች ስለሆኑ ኃይለኛ ዝናብ ጠርጎ ይወስዳቸዋል፤ ቀዩም ቀለም ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ወደ ብርቱካንማ ይደበዝዛል። ይህን ጊዜ መርዛሙ ከላይ ሲታይ የሚበላውን ይመስላል።

የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ የቆብ ቀለም ዓይናችን ቀድሞ የሚይዘው ምልክት ቢሆንም፣ ተመሳሳይ እንጉዳዮችን ለመለየት ከሁሉ ደካማው ማስረጃ ነው። ምክንያቱ ከቀለሙ አሠራር ይጀምራል። ሙስካሪያን የሚያቀላው ቤታላይን የሚባል የቀለም ወገን ነው፤ ቀይ ሥርንም የሚያቀላው ይኸው ወገን ነው። ከሙስካሪያ ቀለሞች አንዱ የሆነው ቢጫው ሙስካፍላቪን፣ ከአማኒታ ጋር የቅርብ ዝምድና በሌላቸውና ሃይግሮሳይቤ በሚባሉት፣ ሳር ላይ በሚበቅሉ ባለ ደማቅ ቀለም እንጉዳዮች ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቀለም የአንድ ቤተሰብ ምስክር ሊሆን አይችልም። በተቃራኒውም አንድ ቤተሰብ ልዩ ልዩ ቀለም ይለብሳል፤ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ በኩል የሚበቅለው ሙስካሪያ በአብዛኛው ቢጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ደግሞ ሙስካሪያ ብለን የምንጠራው እርስ በርሱ የተለያየ ከአንድ በላይ የዘር ሐረግ እንዳለው አሳይቷል። በቆብና በነጥብ ቀለም እየተለዩ ሲሰየሙ የኖሩት ዓይነቶች ከእነዚህ የዘር ሐረጎች ጋር አልገጠሙም።

ታዲያ ቀለም ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም፤ የሚታመነው ሌላ ቦታ ያለው ቀለም ነው። እንጉዳዩን ገልብጠን ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደረደሩትን ስስ ክንፎች እንመልከት። የኦቮሎ ክንፎች ቢጫ ናቸው፤ እግሩም፣ እግሩ ላይ ያለው ቀለበትም እንዲሁ። የሙስካሪያ ግን ሁሉም ነጭ ነው። ቀጥሎ አፈሩን በቢላዋ ቆፈር አድርገን እንጉዳዩን ከነመሠረቱ እናውጣ። የኦቮሎ እግር የተቀመጠው ወፍራምና ልል በሆነ ነጭ ከረጢት ውስጥ ነው። ሙስካሪያ ግን አብጦ በሚወፍር መሠረቱ ዙሪያ ክብ ክብ የሠሩ ፍርፋሪዎች ብቻ አሉት። ከላይ የቀጠፈ ሰው ይህን ሁሉ መሬት ውስጥ ትቶት ሄደ ማለት ነው። ኦቮሎ ገና ሳይፈነዳ ነጭ እንቁላል መስሎ ይወጣል፤ በዚህ ዕድሜው ገዳይ ከሆነው ዘመዱ ከአማኒታ ፋሎይደስ ጋር ይመሳሰላል። ለሁለት ሲሰነጠቅ ግን በነጩ ልባስ ሥር ብርቱካንማ የቆብ ቆዳና ቢጫ ክንፎች ከታዩ ኦቮሎ ነው። ውስጡ ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ የነካው ከሆነ መጣል ነው።

ሌላው ማስረጃ እንጉዳዩ የሚራባበት ዱቄት፣ ማለትም ስፖሩ ነው። እግሩን ቆርጦ ቆቡን ክንፎቹ ወደ ታች እንዲሆኑ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ መድፋት፣ በብርጭቆ መክደንና ማሳደር ነው። ጠዋት ቆቡ ሲነሳ ወረቀቱ ላይ የክንፎቹን ቅርጽ የያዘ የዱቄት አሻራ ይገኛል፤ ነጩ በጥቁሩ ወረቀት ላይ፣ ጥቁሩም በነጩ ላይ ጎልቶ ይታያል። የዱቄቱ ቀለም እንደ ቆቡ ፀሐይና ዝናብ አይለውጠውም። ሆኖም ይህም ለብቻው ፈራጅ አይደለም፤ የኦቮሎም የሙስካሪያም ዱቄት ነጭ ነው። ስለዚህ ክንፉ፣ መሠረቱ፣ ዱቄቱና በአቅራቢያው ያለው ዛፍ (ለኦቮሎ ኦክ ወይም ቼስትነት) ሁሉም መስማማት አለባቸው። አንዱ ካፈነገጠ ስያሜው ፈርሷል።

«ተፈጥሮ መርዛሙን በደማቅ ቀለም ታስጠነቅቃለች» የሚለው ሙግት ስለ እባብና ስለ ቢራቢሮ ሲነገር የሚያሳምን ነው። እንጉዳይ ላይ ግን አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉዳዩን የፈተሹ ተመራማሪዎች መርዛሞቹ ከሚበሉት ይልቅ ባለ ደማቅ ቀለም ሆነው አላገኟቸውም፤ ይልቅስ ለየት ያለ ሽታ ሲኖራቸው አዩ። ደግሞም ከእንጉዳይ ሁሉ ብዙ ሰው የገደለው ፋሎይደስ ደብዛዛ አረንጓዴ ነው፤ ደማቁ ኦቮሎ ደግሞ ማዕድ ላይ ይቀርባል።

ከዚህ የሚጠነክረው መከራከሪያ የልምድ ነው፦ ስፖር ሳያዩ፣ የላቲን ስም ሳያውቁ ለዘመናት ለቅመው የበሉ ሕዝቦች አሉ። እውነት ነው፤ በእኛም አገር በደቡብ ምዕራብ ደኖች ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚወጣውን እንጉዳይ ለይተው የሚበሉ አሉ። ግን ይህ እውቀት የተሠራው ለአንድ ቦታ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ ካሊፎርኒያ የሄዱ ስደተኞች በአገራቸው ሩዝ ገለባ ላይ የሚያውቁትን እንጉዳይ ያገኙ መስሏቸው ፋሎይደስን በልተው ተመርዘዋል፤ ሁለቱም ከከረጢት ይወጣሉና። የገለባው እንጉዳይ ዱቄት ሮዝ፣ የፋሎይደስ ግን ነጭ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ጫካ ለሚንሸራሸረው የእኛ ሰውም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። «ቀምሼው ምንም አላደረገኝም» ማለትም አያዋጣም። የፋሎይደስ ሕመም የሚጀምረው ከተበላ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው፤ ትውከቱና ተቅማጡ ጋብ ብሎ የዳነ ሲመስል ጉበቱ እየሞተ ይቆያል። መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። በፖላንድ እ.ኤ.አ. በ1952 ከመቶ በላይ ሰዎች ኮርቲናሪየስ ኦሬላኑስ የሚባለውን ብርቱካንማ ቡኒ እንጉዳይ በልተው 11 ሞተዋል። የዚህ እንጉዳይ መርዝ የሚያጠቃው ኩላሊትን ሲሆን ምልክቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በላይ ዘግይቶ ይመጣል። ያን ያህል ቆይቶ የታመመ ሰው እንጉዳዩን መጠርጠሩ ራሱ ያጠራጥራል።

የስልክ መተግበሪያስ? በአውስትራሊያ ሦስት መተግበሪያዎች ተፈትነው የተሻለው እንኳ በትክክል የለየው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። መተግበሪያውን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም፤ ከላይ የተነሳ ፎቶ የሚያሳየው ከሁሉ ደካማውን ማስረጃ፣ የቆቡን ቀለም ነውና። ክንፎቹን፣ መሠረቱንና የተሰነጠቀ ሥጋውን ያልጨመረ ፎቶ የሠለጠነ የእንጉዳይ ባለሙያንም አይረዳውም። በልቶ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ሕመሙ እስኪጀምር ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ የተረፈውን፣ ልጣጩንና ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ያለውን ቁራጭ ጭምር በወረቀት ጠቅልሎ ይውሰድ፤ ቆቡ ተቆራርጦና ተቀቅሎ ቀለሙ ቢጠፋ እንኳ ስፖሩ በማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል።