ከአርባ ምንጭ እስከ ዶርዜ፦ የሩጫ ሰዓት አመራረጥ

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጉጌ ተራሮች ላይ ያለችው ዶርዜ ደግሞ 2500 ሜትር አካባቢ። በዚህ አቀበት አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደተሮጠ ማወቅ ስለ ልፋቱ ብዙ አይናገርም። በዶርዜ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ታች ቀላል የነበረው ፍጥነት ላይ ሲደርስ ልብን ያስጨንቃል። የጋሞ ሯጭ ሰዓት ሲመርጥ ከሁሉ በፊት የልብ ምት ልኬቱን ማየት አለበት።

አብዛኛው ሰዓት ምቱን የሚያነበው በእጅ አንጓ ላይ አረንጓዴ ብርሃን አብርቶ የደሙን ፍሰት በመከታተል ነው። ለዝግታ ሩጫ ይበቃል። በጠዋት ብርድ ግን ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ በፈጣን ምልልስ ደግሞ ንባቡ ወደኋላ ይቀራል። በደረት የሚታሰረው ቀበቶ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጥታ ስለሚይዝ ይበልጥ ይታመናል። የፊንላንዱ ፖላር ይህን ዓይነት ገመድ አልባ መለኪያ ለስፖርተኞች ያቀረበው ገና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው።

ርቀትን ጂፒኤስ ይለካል። ገደልና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ግን የሳተላይቱን ምልክት ያዛባሉ። እንደ እንጦጦ ባለ ጫካ ሯጮች በዛፎች መካከል ሲጠማዘዙ፣ ሰዓቱ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ስለሚያያይዝ ርቀቱን ሊያሳንሰው ይችላል። በሁለት ሞገድ የሚቀበል ሰዓት ስሕተቱን ይቀንሳል፤ በየሰከንዱ እንዲመዘግብ ማስተካከልም ይረዳል።

ለዳገት ሩጫ የአየር ግፊት መለኪያም ያስፈልጋል፤ ጂፒኤስ ብቻውን ከፍታን በደንብ አይለካም። ጋርሚን ፎርረነር 55 ይህ የለውም። ፎርረነር 255 እና ኮሮስ ፔስ 3 ግን መለኪያውም ሁለቱ ሞገዶችም አሏቸው። በአምራቾቹ መግለጫ መሠረት ጂፒኤስ በርቶ ፎርረነር 55 እስከ 20፣ ፔስ 3 እስከ 38 ሰዓት ይሠራል፤ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ከተገዛ በኋላ ትልቁ ሥራ የምት ደረጃዎችን ማስተካከል ነው። ሰዓቶች በአብዛኛው 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚለው ስሌት ይነሣሉ፤ ይህ ለ30 ዓመት ሰው 190 ይሰጣል፣ ከግለሰቡ እውነተኛ ጣሪያ ግን ከ10 ምት በላይ ሊርቅ ይችላል። የደረት ቀበቶ ታጥቆ ጠንካራ ዳገት ደጋግሞ በመሮጥ የሚገኘው ከፍተኛ ቁጥር የተሻለ መነሻ ነው። ቀላል ሩጫ ደግሞ እያወሩ የሚሮጡት መሆን አለበት፤ በዶርዜ ከፍታ ይህ ከታቹ የዘገየ ፍጥነት ይጠይቃል።

ገንዘብ ካነሰ ካርታና ሙዚቃ ይቅሩ፤ መካከለኛ ሰዓት ከደረት ቀበቶ ጋር ይገዛ። ቀበቶው ቀድሞ ካለ፣ ፔስ 3 የሚቀበለው በብሉቱዝ የሚገናኘውን ብቻ መሆኑን ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ ይገባል።