በዕድሜ በገፉ ውሾች ላይ የሚታይ የኩላሊት ሲስት፦ ምርመራውና ሕክምናው

የኩላሊት ሲስት በኩላሊት ሥጋ ውስጥ የሚፈጠር፣ በስስ ሽፋን የተከበበና ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። እያንዳንዱ የውሻ ኩላሊት በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ፣ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን የደም ማጣሪያ ክፍሎች አሉት፤ ከእነዚህ ክፍሎች የሚወጣው ቀጭን ቱቦ በእርጅና፣ በቆየ ብግነት ወይም በጠባሳ ሳቢያ ሲጠብ ወይም ሲዘጋ፣ ከኋላው ፈሳሽ እየተጠራቀመ ቱቦው ሊለጠጥና በሂደት ራሱን ወደቻለ ከረጢት ሊለወጥ ይችላል።

በሸመገሉ ውሾች ላይ በብዛት የሚገኘው ቀላል ሲስት የሚባለው ሲሆን፣ ቁጥሩ አንድ ወይም ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምንም ምልክት ስለማያሳይ፣ ለሌላ ሕመም በተደረገ የሆድ ምርመራ በአጋጣሚ ይታያል። ከዚህ የሚለየው በዘር የሚተላለፈው ብዙ-ሲስታዊ የኩላሊት በሽታ፣ በተለይ በቡል ቴሪየር ዝርያ ላይ የሚታወቅ ሲሆን፣ ሁለቱንም ኩላሊቶች በበርካታ ከረጢቶች በመውረር ጤናማውን ሥጋ ያሳጣል። በጀርመን ሼፐርድ ላይ ደግሞ ከረጢት መሰል የኩላሊት ካንሰር ከጠንካራ የቆዳ እባጮች ጋር አብሮ የሚመጣበት፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚገለጥ በሽታ አለ፤ ስለዚህ በዚህ ዝርያ እግር ወይም ራስ ላይ የሚታዩ እባጮች ኩላሊቱም እንዲመረመር የሚያስገድዱ ምልክቶች ናቸው።

የምርመራው ዋና መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። ቀላል ሲስት በምስሉ ላይ ክብ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ግድግዳው ስስና ውስጡ ፍጹም ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የመሣሪያው የድምፅ ሞገድ በፈሳሹ ውስጥ ሳይዳከም ስለሚያልፍም ከከረጢቱ በስተጀርባ ያለው ክፍል ደመቅ ይላል። ግድግዳው የወፈረ፣ በውስጡ ክፍልፋይ ያለው ወይም ፈሳሹ የደፈረሰ ከሆነ ግን የቁስለት መግል፣ ደም ወይም ዕጢ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ በማይክሮስኮፕና በባክቴሪያ ምርመራ ማየት ያስፈልጋል። ምስሉ የከረጢቱን ቅርጽ እንጂ የኩላሊቱን አቅም ስለማይነግር፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሪያቲኒን የተባለ ቆሻሻ፣ የሽንት ክምችት መጠንና ፕሮቲን፣ እንዲሁም የደም ግፊት አብረው ይለካሉ። ክሪያቲኒን ከፍ የሚለው አብዛኛው የማጣራት አቅም ከጠፋ በኋላ በመሆኑ፣ ኤስዲኤምኤ የተባለው የደም መለኪያ ጉዳቱን ቀደም ብሎ ለማወቅ ይረዳል፤ ውሻው ከልማዱ በላይ ውኃ መጠጣቱና መሽናቱ፣ መክሳቱ ወይም ማስመለሱም ለሐኪሙ ጠቃሚ መረጃ ነው።

ሕክምናው እንደ ሲስቱ ዓይነት ይለያያል። ምልክት የሌለው ቀላል ሲስት መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አይፈልግም፤ በየጥቂት ወሩ መጠኑንና የኩላሊቱን ሥራ መከታተል በቂ ነው። ከረጢቱ ገዝፎ ሕመም ካስከተለ ወይም አጠገቡ ያለውን ሥጋ ከጫነ፣ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ ፈሳሹን በመርፌ ሊያወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ ሽፋኑ ፈሳሽ ማመንጨቱን ስለሚቀጥል ከረጢቱ ብዙ ጊዜ መልሶ ይሞላል፤ ይህን ለመግታት በአንዳንድ ሁኔታዎች ሽፋኑን የሚያደርቅ አልኮል ገብቶ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ቁስለት ያለበት ሲስት ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይፈልጋል። ኩላሊትን በሙሉ ማውጣት የሚታሰበው ደግሞ ካንሰር ወይም ሊድን የማይችል ጉዳት ሲኖርና ቀሪው ኩላሊት ብቻውን ሥራውን መወጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

በብዙ-ሲስታዊ በሽታ ከረጢቶቹን ማጥፋት ስለማይቻል፣ ሕክምናው የቀረውን የኩላሊት ሥጋ በመጠበቅ ላይ ያተኩራል፤ ፎስፈረሱ የተቀነሰ ምግብ፣ ዘወትር የማይታጣ ንጹሕ ውኃና የደም ግፊት መቆጣጠሪያ መድኃኒት ይታዘዛሉ፤ ኩላሊትን የሚጎዱ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሰጡ ጥንቃቄ ይደረጋል። እንግዲህ በሸመገለ ውሻ ኩላሊት ላይ ሲስት መገኘቱ በራሱ የሞት ፍርድ አይደለም፤ ወሳኙ ጥያቄ ከረጢቱ ምን ዓይነት እንደሆነና ከእርሱ ውጪ ያለው ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ ነው፤ ይህ ሳይታወቅ ለሕክምና መርፌ ማስገባትም ሆነ ተስፋ መቁረጥ ለእንስሳው የማይገባ ችኮላ ነው።