በሱፒርየር ሐይቅ ዳር ስለሚያልፈው አውራ ጎዳና

በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት 61 የሚል ቁጥር የተሰጠው አውራ ጎዳና አለ። ከዱሉዝ ከተማ ተነሥቶ የሱፒርየርን ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በመከተል እስከ ካናዳ ወሰን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ብዙዎች የሚያውቁት በመልኩ ማማር ነው፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ያማረ መንገድ ውበቱን ሳያጣ ለተጓዡ የማያሰጋ የሚሆነው እንዴት እንደ ሆነ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አውራ ጎዳናው ከመሠራቱ በፊት የነዋሪው ዋና መንገድ ሐይቁ ራሱ ነበር። የአኒሺናቤ ተወላጅ የሆነው ጆን ቤርግሪስ ከ1879 እስከ 1899 በቱ ሃርበርስና በግራንድ ማሬ መካከል ፖስታ ያመላልስ ነበር፤ ይኸውም ውሃው ሲፈቅድ በጀልባ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ነው። በ1905 ከባድ ማዕበል ብዙ መርከቦችን ስለ ጐዳ፣ በስፕሊት ሮክ ገደል አናት ላይ የመብራት ማማ ተሠርቶ በ1910 ተፈጸመ። የሕንፃውም ዕቃ በመርከብ መጥቶ በማንሻ ወደ ላይ ተሳበ፤ በየብስ የሚደርስበት መንገድ አልነበረምና።

በ1920ዎቹ አውራ ጎዳናው ሲዘረጋ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን በመኪና ለመላክ ቻለ፤ አገር ለማየት የሚመጣው እንግዳም ማደሪያና ምግብ ስለሚፈልግ ነዋሪው ሌላ ገቢ አገኘ።

ይሁን እንጂ ውበቱና አደጋው በአንድ ስፍራ ነበሩ። በሲልቨር ክሪክ መንገዱ የተቀረጸው በገደሉ ፊት ላይ ስለ ሆነ፣ ተጓዡ ሐይቁን ቁልቁል ሲመለከት ከራሱ በላይ ያለው ዓለት ያሰጋው ነበር። ውሃ በዓለት ስንጥቅ ገብቶ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ይህም በየዓመቱ ሲደጋገም ዓለቱን ፈልቅቆ ይጥለዋል። ስለዚህ በ1991 በላፋዬት፣ በ1994 ደግሞ በሲልቨር ክሪክ ተራራው ተበሥቶ መኪናዎች በዋሻ ውስጥ እንዲያልፉ ተደረገ። የኋለኛው ዋሻ ርዝመት 400 ሜትር ያህል ነው።

ታዲያ ተመልካቹ ሐይቁን አጣ ማለት ነውን? አላጣም። በሲልቨር ክሪክ የቀድሞው የገደል መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀቀ። ጭነት የያዘው መኪና በተራራው ሆድ ያልፋል፤ ማየት የሚሻው ግን በዳርቻው በዝግታ ይሄዳል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሐይቅ ዳር መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ሁለት ሰዎችን ማሰብ እንደሚገባው ነው፤ ለመድረስ የሚቸኩለውንና ለማየት የሚዘገየውን። ሁለቱን በአንድ ጠባብ ስፍራ ማጨናነቅ ለአንዳቸውም አይበጅም።