ድርሻ የማይጠይቅ ገንዘብ፣ ዋጋ የማይወስን መንግሥት

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በሚካሄድባቸው ላብራቶሪዎች ጂንኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ አለ። የታማሚው አክታ ከኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ በፕላስቲክ ካርትሪጅ ውስጥ ይጨመራል፤ ካርትሪጁ መሣሪያው ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የበሽታው ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ድጋፉን ከሰጠው ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ካርትሪጁ አንዴ ካገለገለ ይጣላል። በመሆኑም መሣሪያውን የገዛ ሁሉ ካርትሪጁን በየጊዜው መግዛት ግዴታው ነው፤ ክፍያውም በዶላር ነው።

መሣሪያውን የሠራው ሴፊድ በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ቴክኖሎጂ መዳበር የወጣውን የሕዝብ ገንዘብ ከ252 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያደርሰዋል፤ አብዛኛው የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ነው። በ2001 አንትራክስ በደብዳቤ ተልኮ ሰው ከገደለ በኋላ ቴክኖሎጂው የአሜሪካ ፖስታ ቤቶችን አየር ለመፈተሽም ውሏል። በ2016 ዳናኸር የተባለው ኮርፖሬሽን ሴፊድን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። ባለአክሲዮኖቹ ድርሻቸውን ወሰዱ። መንግሥት ግን አክሲዮን ስላልነበረው ከሽያጩ የደረሰው የለም።

ለመሆኑ ይህን ያህል ያወጣ ወገን እንዴት ባዶ እጁን ይወጣል?

መልሱ የአሜሪካ መንግሥት ለምርምር ገንዘብ በሚሰጥበት ሕግ ውስጥ ነው። ሴፊድ ከልዩ ልዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው የተደገፈው። ለትናንሽ ኩባንያዎች ብቻ የተመደበ ገንዘብም አለ፤ አሠራሩን በግልጽ የሚያሳየው ይኸኛው ነው። የአነስተኛ የንግድ ድርጅቶች የፈጠራ ምርምር ፕሮግራም (በምሕጻሩ ኤስ.ቢ.አይ.አር.) ይባላል። በ1977 በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በሙከራ ተጀመረ፤ በ1982 ፕሬዚዳንት ሬገን ፈርመውበት ሕግ ሆነ። በሕጉ መሠረት ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ለሚካሄድ ምርምር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከዚያው በጀት የተወሰነ መቶኛ ለትናንሽ ኩባንያዎች ይለያል። መቶኛው ሲጀመር ከአንድም በታች ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ 3.2 ሆኗል። በሕክምናው ዘርፍ ዋናው ሰጪ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ሲሆን፣ በዚህ መስመር ያከፋፈለው በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

አሰጣጡ በደረጃ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ኩባንያው ሐሳቡ ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ይሰጠዋል፤ ገንዘቡም ወደ 300 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ካሳየ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እዚያ ሁለት ዓመትና ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር አለ። ሦስተኛው ደረጃ ገበያ ነው። ለዚህ ግን ፕሮግራሙ ሰባራ ሳንቲም አይሰጥም።

አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ሄዶ “አዲስ የደም መመርመሪያ ልሠራ አስቤአለሁ” የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የቤት ካርታ ነው። እዚያ ካርታ የሚጠይቅ የለም። በዘርፉ ባለሙያዎች የተውጣጣ ቡድን የምርምሩን ሐሳብ አንብቦ ነጥብ ይሰጣል፤ አብዛኛው አመልካች ይወድቃል። ያለፈው ገንዘቡን አይመልስም፣ ወለድ አይከፍልም፣ አክሲዮንም አያካፍልም። በ1980 የወጣው ቤይ-ዶል የተባለ ሕግ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተገኘውን ፈጠራ ፓተንት ለኩባንያው ይተውለታል። መንግሥት የሚያስቀረው ለራሱ ጉዳይ ያለ ክፍያ የመጠቀም መብትና በተወሰኑ ሁኔታዎች ፈቃዱን ለሌላ አምራች የማሰጠት ሥልጣን ነው። ይህን ሁለተኛ ሥልጣን ዋጋ ለማስቀነስ ብለው አቤት ያሉ ወገኖች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ግን ተሠርቶበት አያውቅም።

የሕጉ አሳብ፣ ኩባንያው ካደገ ግብር ይከፍላል፣ ሰው ይቀጥራል የሚል ነው። ይህ አሳብ በጥናት ተፈትኗል። ጆሽ ለርነር በ1999 ባሳተሙት ጥናት ገንዘቡን ያገኙ ኩባንያዎች ካላገኙት አቻዎቻቸው በሽያጭም በሠራተኛ ቁጥርም በልጠው አድገዋል፤ ይሁን እንጂ ብልጫው የታየው የግል ካፒታል ቀድሞ በሞላባቸው አካባቢዎች ነው። ደጋግሞ የተሰጠውም አንዴ ከተሰጠው አልተሻለም። ሳብሪና ሃውል በ2017 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በኢነርጂ ዘርፍ የመጀመሪያው ደረጃ ገንዘብ ኩባንያው ኋላ የግል ካፒታል የማግኘት ዕድሉን ከመቶ 10 ወደ 19 ገደማ ከፍ እንዳደረገው፣ የሁለተኛው ደረጃ ግን እምብዛም ለውጥ እንዳላመጣ ያሳያል። ትንሿ ገንዘብ ከትልቋ መብለጧ ለባለካፒታል እንቆቅልሽ አይሆንም። የመጀመሪያዋ ገንዘብ ናሙና ታሠራለች፤ ኢንቨስተር ደግሞ ከወረቀት ይልቅ የሚሠራ ናሙና ሲያይ ኪሱን ይፈታል።

ናሙናው ሠርቶ፣ ፈቃድ ተገኝቶ እንኳ ገበያው ሊከዳ ይችላል። የካሊፎርኒያው ሉሲራ ኸልዝ ጉንፋንንና ኮቪድን በአንድ ላይ ቤት ውስጥ የሚለይ መመርመሪያ ሠርቶ ፈቃድ ሲጠብቅ ገንዘቡ አለቀበት። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2023 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃዱን የሰጠው በሁለተኛው ቀን ነው። ንብረቱን ፋይዘር በ36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው።

በውጭ ዘመድ ያላቸው ነጋዴዎች “እኛስ እንገባበት ይሆን?” ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አዲስ አበባ ያለ ኩባንያ አይገባም። አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ፣ ለትርፍ የሚሠራና ሠራተኞቹ ከ500 የማይበልጡ መሆን አለበት፤ በመሠረቱ ከግማሽ በላይ ድርሻው የአሜሪካ ዜጎች ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ሊሆን ይገባል። ግሪን ካርድ የያዘ የዋሽንግተን ወይም የሲያትል ኢትዮጵያዊ ግን ዜግነት እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። አንድ ነገር ያስተውል፤ የፕሮግራሙ ዕድሜ በኮንግረስ እጅ ነው። በ2022 የታደሰው ፈቃድ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሲያበቃ ኮንግረስ ሳያድሰው ቀኑ አልፏል። ለሁለተኛው ደረጃ ሲጠባበቅ የነበረ ኩባንያ የሠራተኛ ደመወዝ ከየት እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም።

ወደ ካርትሪጁ እንመለስ። በ2012 የአሜሪካ መንግሥት፣ ዩኒትኤይድና የጌትስ ፋውንዴሽን ለአምራቹ ገንዘብ ከፍለው የአንዱን ዋጋ ለድሃ አገሮች ከ16 ዶላር ከ86 ሳንቲም ወደ 9 ዶላር ከ98 ሳንቲም አወረዱት። የሕዝብ ገንዘብ እንደገና ተከፈለ ማለት ነው። ዋጋው ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ አልተነቃነቀም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ያሠራው ስሌት፣ በብዛት ሲመረት የማምረቻው ወጪ ከ5 ዶላር በታች መሆኑን ስላሳየ ዋጋው 5 ዶላር ይሁን የሚል ዘመቻ ተነሣ። ዳናኸር በሴፕቴምበር 2023 ዋጋውን ወደ 7 ዶላር ከ97 ሳንቲም ዝቅ አደረገ፤ ይህም 100 ሺህ ካርትሪጅ ለሚገዛ አገር የ201 ሺህ ዶላር ቅናሽ ነው። በዚያን ጊዜ የቀነሰው የመደበኛው ምርመራ ካርትሪጅ ሲሆን፣ ብዙ መድኃኒት የተላመደውን ነቀርሳ የሚለየው ግን በ14 ዶላር ከ90 ሳንቲም ጸንቷል።